የሱፐርኖቫ ወሬና በራዲዮ የተገኘው እውነት

ግዙፍ ኮከብ ዕድሜውን ፈጽሞ በሚፈነዳበት ጊዜ (ፍንዳታውም ሱፐርኖቫ ይባላል) ለጥቂት ሳምንታት አብርቶ ይጠፋል፣ ታሪኩም በዚያው ይዘጋል የሚለው አሳብ በብዙዎች ዘንድ የጸና ነው፤ ነገር ግን የሚታየው ብርሃን እየደከመ ቢሄድም፣ ከፍንዳታው የተነሣው ማዕበል ለብዙ ዘመን እየሰፋ ስለሚጓዝ፣ ሊቃውንተ ፈለክ ጉዞውን በራዲዮ ቴሌስኮፕ ይከታተሉታል።

የራዲዮ ቴሌስኮፕ የፍንዳታውን ድምፅ ያዳምጣል የሚሉም አሉ። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ቴሌስኮፑ የሚቀበለው ከብርሃን ወገን የሆነውን፣ ሞገዱ ረጅም በመሆኑ ግን ከዓይን የተሰወረውን ጨረር ሲሆን፣ ይህንንም የሚያመነጩት በማዕበሉ ኃይል ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉና በማግኔት ኃይል ተጠምዝዘው የሚዞሩ ኤሌክትሮኖች ናቸው።

ሰፊ ሐተታ የሚሻው፣ የሚያበራው ነገር ውስጡ የሞላ የእሳት ክምር ነው የሚለው ግምት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በማርች 1993፣ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው ኤም 81 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ፣ ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ጋርሲያ ያገኘውን ሱፐርኖቫ 1993ጄን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የተተከሉ ቴሌስኮፖች ጊዜያቸው በአቶም ሰዓት ተስተካክሎ በኅብረት ለዓመታት ሲመለከቱት፣ ምስሉ መካከሉ የደበዘዘ፣ ዙሪያው የደመቀ፣ ክብነቱም እጅግ የቀና ቀለበት ሆኖ ተገኘ፤ የሚያበራው እንደ ሳሙና አረፋ ቅርፊቱ ስለ ሆነ ነው።

የማዕበሉ ፍጥነትም ሳይለወጥ አልቀረም። በመጀመሪያ በሰከንድ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው፣ ኮከቡ በሕይወቱ ሳለ በነፋስ መልክ ያፈሰሰውን ጋዝ እየገፋ በመሄዱ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አለ። ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው፦ ያ ነፋስ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዝ ስለ ነበር፣ ማዕበሉ በአንድ ዓመት የሚያቋርጠው ጋዝ ኮከቡ ከሺህ ዓመት በላይ ሲያፈስሰው የኖረው ነው፤ ስለዚህ የራዲዮ ጨረሩን በትዕግሥት የሚከታተል ሊቅ፣ ከኮከቡ ዕለተ ሞት አልፎ በፊት የኖረውን ዘመኑን ወደ ኋላ ይመረምራል።

ሱፐርኖቫን ለማግኘት የሚታይ ብርሃን ግድ ነው የሚለውም አይጸናም። በኤም 82 ጋላክሲ የፈነዳው ሱፐርኖቫ 2008አይዜድ ጥቅጥቅ ባለ የሕዋ ትቢያ ተሸፍኖ ስለ ነበር፣ በ2009 የተገኘው በራዲዮ ቴሌስኮፕ ነው።