ስለ ሹማምንትና ስለ መንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ለሕዝብ መገለጥ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን የታወቀ ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ተረቱን የፈጠረውን ሕዝብ ጉቦ ወዳድ ነው ብሎ ሊነቅፈው ይችላል። ነገሩን ከሥሩ ለሚመረምር ግን ተረቱ የተወለደው ከሕዝቡ ጠባይ ሳይሆን ከጥንቱ አሠራር መሆኑ ይታወቃል። በቀድሞው ዘመን ሹም ከግምጃ ቤት በየወሩ ተቈጥሮ የሚሰጠው ደመወዝ አልነበረውም፤ ደመወዙ የተሾመበት አገር ነበረ። የሹሙ ድርሻ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ የተተከለ ድንበር ስላልነበረው ሹመትና መብል አንድ ስም ሆኑ። ድንበር ያልተለየለት እርሻ ጠብ እንደማያጣው ሁሉ ልኩ ያልታወቀ ደመወዝም ሐሜት አያጣውም። ስለዚህ የደመወዝ መገለጥ ነገር ለአስተዳደርም ለግብርናም ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት ተገቢ ነው።

በቦረና ምድር ይህ ታሪክ በግልጥ ይታያል። አገሩ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከገባ በኋላ፥ እስከ ሞቱበት እስከ 1919 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ለነበሩት ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከግዛቶቻቸው አንዱ ነበረ። በደቡብ አገሮች ሁሉ እንደ ተለመደው ወታደርና ሹም በደመወዝ ፈንታ ገባር ይመደብለት ነበር፤ አንዳንዱም ማደሪያ የሚባል መሬት ይቀበል ነበር። ገባሩ የሚያውቀው የሚሰጠውን ብቻ ነበር፤ ከሰጠው ላይ ለመንግሥት የደረሰው ምን ያህል እንደ ሆነ፥ በሹሙ ቤት የቀረውም ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ አገረ ገዥዎችና የበታች ሹማምንት ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ የሚቀበሉ ሆኑ። የመሬት ግብርም በአዋጅ ተወሰነ፤ ይኸውም በጋሻ ለም መሬት 15 ብር፥ ለም ጠፍ 10 ብር፥ ጠፍ 5 ብር ነበር። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ሰጪው የሚሰጠው ልክ ከዚያ ወዲህ በታተመ ጽሑፍ ታወቀለት። የተቀባዩ ደመወዝ ግን እንደ ግብሩ ተመን በየገበያው የሚነበብ ነገር አልሆነም። በዚያን ጊዜ አሬሮ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አውራጃ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ መሬቱም የግዛቱም ስም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የከብት አርቢው ጥያቄ ግን አልተለወጠም፤ እርሱም «የሚያስተዳድረኝ ሰው የሚኖረው በምንድን ነው» የሚል ነው።

የደመወዝ መገለጥ ሲባል ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ስለሚቀላቀሉ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የደመወዙን እርከን መግለጥ ነው፤ ይህም ለአንድ የሥራ ደረጃ የተወሰነውን ገንዘብ ማሳወቅ እንጂ የሰውን ስም መጥራት አይደለም። ሁለተኛው ከፍ ያለ ደመወዝ የሚቀበለውን ሰው በስሙና በሥራው መግለጥ ነው። ሦስተኛው ከደመወዝ ሌላ ያለውን ሀብት፥ ማለት ቤቱን፥ ከብቱን፥ የንግድ ድርሻውን ማስመዝገብ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ተጀምሯል። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መንግሥት አዲሱን የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ እርከን ሲያስታውቅ፥ ዝቅተኛው 6,000 ብር፥ ከፍተኛው 39,000 ብር፥ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚቀጠር ሰው መነሻው 11,500 ብር መሆኑ ለሕዝብ ተነግሯል። ሦስተኛውም በሕግ ተመሥርቷል፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 668 ተሿሚዎች፥ ተመራጮችና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውን በፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን እንዲያስመዘግቡ ያዝዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ በሚገለጥ መንገድ እንዲሠራ ይደነግጋል። ሁለተኛው መንገድ፥ ማለት በስምና በሥራ የሚወጣ ዓመታዊ ዝርዝር፥ በሌሎች አገሮች በሰፊው የተሠራበት ስለ ሆነ ከእነርሱ መማር ይቻላል።

በዚህ ሥራ ቀዳሚ የሆነችው ስዊድን ናት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1766 ባወጣችው የኅትመት ነፃነት ሕግ የመንግሥት መዛግብት ለማንኛውም ሰው እንዲከፈቱ አደረገች። በካናዳ የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር በ1996 ባወጣው ሕግ በመንግሥት ገንዘብ ከሚተዳደሩት መሥሪያ ቤቶች በዓመት 100,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚቀበል ሠራተኛ ሁሉ ስሙ፥ ሥራው፥ ደመወዙና ግብር የሚከፈልበት ጥቅሙ በየዓመቱ ታትሞ እንዲወጣ አዘዘ። በመጀመሪያው ዓመት ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ጥቂት ሺህ ሰዎች ነበሩ፤ የ2023 ዝርዝር ግን ከ300,000 ሰው በላይ ያለበት ሆነ። ምክንያቱ የወለሉ ልክ ሳይለወጥ ገንዘቡ ዋጋው እየቀነሰ መሄዱ ነው። ይህን የቦረና ሰው ያለ መምህር ያስተውለዋል፤ የጊደር ዋጋ በጥጋብ ዘመንና በድርቅ ዘመን አንድ እንዳልሆነ ያውቃልና። እንግዲህ «ከፍ ያለ ደመወዝ» የሚባለው ልክ በየጊዜው ካልታረመ ዝርዝሩ ትልቁንና ትንሹን የማይለይ ይሆናል።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤል የምትባል ድሃ ከተማ አለች። በ2010 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ የዚያችን ከተማ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ መርምሮ በዓመት ወደ 800,000 ዶላር የሚጠጋ መሆኑን ገለጠ። የከተማው ሰው በየዓመቱ ግብር ሲከፍል ይህን አያውቅም ነበር። ሥራ አስኪያጁ በፍርድ ቤት ተከሶ በ2014 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ የክፍለ ሀገሩ መንግሥትም የከተማ ሹማምንት ደመወዝ ሁሉ እንዲገለጥ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ሊቃውንት የከተማ ሥራ አስኪያጆች ደመወዝ ከመቶ 7 ያህል መቀነሱን፥ ሥራቸውን የሚለቁትም መብዛታቸውን አገኙ። ስለዚህ መግለጥ ጥቅም እንዳለው ሁሉ ዋጋም አለው፤ ደመወዙ ከሥራው ክብደት በታች ከሆነ ዐዋቂው ሰው ጥሎ ይሄዳል።

ለአሬሮ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ኬንያ ናት። ሞያሌ በድንበሩ ግራና ቀኝ የተከፈለች ከተማ ናት፤ በወዲያኛው ወገን የኬንያ ሕገ መንግሥት በ2010 ያቋቋመው የደመወዝና የክፍያ ኮሚሽን የከፍተኛ ሹማምንትን ደመወዝ ወስኖ በመንግሥት ጋዜጣ ያወጣል። በ2013 ይህ ኮሚሽን የምክር ቤት አባሎችን የወር ደመወዝ ከ850,000 ሽልንግ በላይ ከነበረው ወደ 530,000 ሽልንግ ግድም ባወረደ ጊዜ ብርቱ ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ ደመወዙ ዝቅ እንዳለ ሲጸና ለእያንዳንዱ አባል ለመኪና መግዣ 5,000,000 ሽልንግ ተሰጠ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ ደመወዙ ብቻ ተገልጦ አበሉ፥ ቤቱ፥ መኪናውና ነዳጁ ከተሸፈነ፥ በፊት ለፊት በር የወጣው በጓሮ በር ይመለሳል። በአገራችንም ቢሆን የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ደመወዝ በየቦርዳቸው የሚወሰን እንጂ ከላይ በተነገረው እርከን የሚወሰን ስላልሆነ፥ እርከኑን ብቻ ያየ ሰው ነገሩን ሁሉ ያየ ሊመስለው አይገባም።

በመግለጥ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የሰው ገንዘብ የግሉ ምስጢር ነው የሚል ነው። ይህ ለነጋዴና ለገበሬ እውነት ነው፤ ከሕዝብ ግብር የሚከፈል ደመወዝ ግን የከፋዩም ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ መገለጥ የሚገባው የሥራው ዋጋ እንጂ የቤቱ ኑሮ አይደለም፤ የሚስቱ፥ የልጆቹና የሚያሳድራቸው ዘመዶች ነገር ሊጠበቅለት ይገባል። ሁለተኛው ተቃውሞ መግለጥ ቅናትን ያመጣል፥ ዘመድ ሁሉ ለብድር ይመጣል የሚል ነው። ይህም ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ነገር ግን ያልተገለጠ ደመወዝ ከቅናት አያድንም፤ ሕዝቡ ልኩን ባላወቀ ጊዜ ከእውነተኛው አብልጦ ይገምታልና።

ይህ ግምት በድርቅ ዘመን እንዴት እንደሚከፋ በቅርብ ታይቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጋና የሚባለው የበልግ ዝናብና ሐገያ የሚባለው የመጸው ዝናብ በተከታታይ አምስት ጊዜ በቀረ ጊዜ በቦረና ከብት በብዛት አለቀ። ሀብቱ ከብት ብቻ የሆነ ሰው መንጋው ሲያልቅ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ደመወዝተኛው ግን ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም በወሩ መጨረሻ ይቀበላል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ የእርዳታ እህል የሚያከፋፍል ሠራተኛ አዲስ ልብስ ቢለብስ፥ በሬ ቢገዛ፥ ቤቱን ቢያድስ ሰው ሁሉ ከእህሉ የወሰደ ይመስለዋል። ሠራተኛው ንጹሕ ከሆነ የሚከላከልበት የለውም፤ በዳይ ከሆነም የሚያጋልጠው የለም። ደመወዙ አስቀድሞ ታውቆ ቢሆን ግን ንጹሑ በቍጥሩ ይድናል፥ በዳዩም በቍጥሩ ይያዛል። ስለዚህ መግለጥ በሹም ላይ የወጣ ቅጣት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም፤ ለታማኝ ሹም ጋሻ ነው።

ይህ አሳብ ለቦረና ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በቱላ ጕድጓዶች ላይ ውኃ የሚካፈለው በሰው ሁሉ ፊት ነው፤ አባ ሄሬጋ የተባለው ሹም የየዕለቱን ተራ ያስከብራል፥ የማን መንጋ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣም እረኛው ሁሉ ያውቃል። ከብት በየሦስተኛው ቀን በሚጠጣበት አገር አንድ ተራ በስውር ቢሰረቅ የሌላው መንጋ ይጠፋል፤ ስለዚህ ድርሻ በአደባባይ ይቈጠራል። እንዲሁም በየስምንት ዓመቱ በሚሰበሰበው በጉሚ ጋዮ የመሪዎች ሥራ በሸንጎ ይመረመራል። በ2017 ዓ.ም. በአሬሮ በአርዳ ጂላ በዳሳ የተፈጸመው የአባ ገዳ ሥልጣን ርክክብም ሹመት ጊዜ የተወሰነለትና በሕዝብ ፊት የሚቀበሉት አደራ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ በውኃው ላይ የጸናው ልማድ በደመወዝ ላይ ቢሠራበት ሕዝቡ ፈጥኖ ያስተውለዋል።

በስም የሚወጣ ዝርዝር ሕግ ያስፈልገዋልና ማንም የወረዳ ሹም በራሱ ፈቃድ ሊያወጣው አይገባም። አዲስ ሕግ ሳይጠበቅ ሊደረጉ የሚገባቸው ግን አሉ።

1ኛ፤ የእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ እርከን፥ ከወረዳ አስተዳዳሪ እስከ ዘበኛ፥ እንደዚሁም ለግብርና ባለ ሙያና ለእንስሳት ሐኪም የተወሰነው፥ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ።

2ኛ፤ ከእርከኑ አጠገብ የመስክ አበል በቀን ስንት እንደ ሆነ፥ ቤትና መኪና የሚሰጠው ለየትኛው ሥራ እንደ ሆነ ይጻፍ።

3ኛ፤ ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም ይሁን፤ ማንበብ ለማይችለውም በገበያ ቀንና በጕድጓድ አፍ ይነበብለት።

4ኛ፤ ሕዝቡ ለክትባት፥ ለደረሰኝና ለማናቸውም አገልግሎት የሚከፍለው ልክ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይገለጥ፤ ነፃ የሆነውም ነፃ መሆኑ ይጻፍ። ሰጪና ተቀባይ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲታዩ ትርፉ ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ ይቻላል።

5ኛ፤ እርከኑ በተለወጠ ጊዜ የቀድሞው ጽሑፍ ወዲያው ይነሣ፤ ያረጀ ቍጥር ካልተጻፈ ቍጥር ይልቅ ያሳስታልና።

ይህን ያደረገ አስተዳዳሪ በመጀመሪያው ወር ብዙ ጥያቄ ይመጣበታል፤ «የእገሌ አበል ስለ ምን በዛ» የሚለው ሰው ብዙ ይሆናል። ጥያቄውን በትዕግሥት መመለስ የሥራው ክፍል ነው። ሕዝቡም የሹሙን ደመወዝ ካወቀ በኋላ የሚጠይቀው ስለ ሥራው ይሆናል፤ ይኸውም ስለሚሠራው ኩሬ፥ ስለሚከተበው ከብት፥ ስለሚጠረገው መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ አስተዳዳሪው ስለ ኑሮው ከመከራከር ያርፋል፤ ስለ ሥራውም መልስ መስጠት ይጀምራል።