የወንድሜ ኩፍኝ አዲስ አበባ ድረስ ለምን ተነገረ?

በዛሬው የጤና አምዳችን ስለ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላስረዳችሁ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ትኩሳት ያዘው፣ ዓይኑ ቀላ፣ ሰውነቱም ሽፍ አለ። እናቴ «ኩፍኝ ነው፣ ለሰው አይነገርም» ብላ ጨለማ ክፍል አስተኛችው። መምህሩ «ወንድምሽ የት ቀረ?» ሲሉኝ «ጉንፋን ይዞት ነው» አልኳቸው። ከ12 ቀን በኋላ አብሮት የሚቀመጠው ልጅም ሽፍ አለ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰምታ መጣችና ሁለቱንም ወደ ጤና ጣቢያ ላከቻቸው። እዚያ ደም ሲወሰድና «ናሙናው አዲስ አበባ ይሄዳል» ሲባል እናቴ ደነገጠች። «ኧረ የኔ ልጅ ምን አድርጎ ነው?» አለች። ሲስተርም ቁጭ ብላ አስረዳችን።

ኩፍኝ ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። ወሬው ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ጉለሌ ወዳለው ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ኢንስቲትዩቱ ከየቦታው የመጣውን አንድ ላይ አድርጎ በሽታው የት እየተስፋፋ እንደሆነ ያያል። ሽፍታ ሁሉ ኩፍኝ ስላልሆነ በላቦራቶሪ ይመረመራል። ክትባትና ባለሙያ ወዴት መላክ እንዳለበት የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ኢንስቲትዩቱን ማን ያዘዋል? በአሁኑ ስሙ የተቋቋመው በ2006 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ከዚያ በፊት የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል ነበር። ተጠሪነቱ ለጤና ሚኒስቴር ነው። ዋና ዋና ሥራዎቹ ሦስት ናቸው፦ ምርምር፣ ላቦራቶሪ እና ወረርሽኝን መከላከል። ክልሎች የየራሳቸው ጤና ቢሮ ስላላቸው ከእነሱ ጋር አብሮ ይሠራል። ትልልቆቻችሁ በኮሮና ጊዜ ይነገር የነበረውን 8335 ታስታውሱ ይሆናል፤ የእሱ ነጻ የስልክ መስመር ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ይህ ሁሉ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ከታች የተነገረውን ብቻ ነው። እኔ «ጉንፋን ነው» ባልኩበት ቀን ሰንሰለቱ እኔ ጋ ተበጠሰ። ወንድሜ ድኗል። ጓደኛው ግን እስከ ዛሬ ጆሮው ይመግላል። እሱን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ስለዚህ ሽፍ ያለበት ልጅ ካያችሁ ሳትደብቁ ለመምህር ንገሩ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለም በ9 ወሩና በ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ጠይቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጤና ይስጥልን!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል