«ጨዋ» የሚለው የምስጋና ቃል ከወዴት መጣ?

ልጁን ለመዳር የሚያስብ ወላጅ ወይም ሽማግሌ የተላከበት የሴት ልጅ አባት፥ ከሀብትና ከመልክ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የጨዋ ልጅ ነው ወይ?» ብሎ ነው። በዚህች በአንዲት ቃል ምክንያት የቀና ጎጆ አለ፤ ሳይቀለስ የቀረም ጎጆ አለ። የሰው ክብር እንዲህ የሚለካባት ቃል ከሆነች ዘንድ፥ ምንጭዋን ማወቅ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ስለ መሰለን ጥቂት ልንጽፍባት ወደድን።

ጨዋ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሦስት ፍች አለው። አንደኛ፥ በአነጋገሩና በአካሄዱ የታረመ፥ ታላቁን የሚያከብር፥ ታናሹን የማያዋርድ ሰው ጨዋ ይባላል። ሁለተኛ፥ አጥንቱ የታወቀ፥ ከደኅና ቤት የተወለደ ሰው ጨዋ ይባላል። ሦስተኛ፥ በቤተ ክህነት ትምህርት ያልገባ፥ ፊደል ያልቈጠረ ሰውም ጨዋ ይባላል። በዚህ በሦስተኛው ፍች፥ በሳይንት እንደምትገኘው እንደ ተድባበ ማርያም ባሉት ጥንታውያን አድባራት ሊቃውንት አንደበት፥ ወርቅ የታጠቀ መኰንን እንኳ ካልተማረ ጨዋ ነው።

የቃሉን ሥር ብንፈልግ ግን ከሦስቱም የራቀ ነገር እናገኛለን። በግዕዝ ፄዋ ማለት ምርኮ፥ ምርኮኛ ማለት ነው። የግዕዙ ፄው በአማርኛ ጨው፥ ጸልመ ደግሞ ጨለመ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ፄዋም ጨዋ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ ለከበረው ሰው የምንሰጠው ስም ጥንት በገመድ ታስሮ ለሚነዳው ምርኮኛ የሚሰጥ ስም ነበረ ማለት ነው።

ይህ ለውጥ እንዴት ሆነ ቢሉ፥ ታሪክ የመረመሩ ሊቃውንት እንዲህ ያስረዱናል። በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ነገሥታት በጦርነት ከተማረኩት ሰዎች ብርቱ ብርቱዎቹን እየመረጡ በሠራዊታቸው ውስጥ ያገቡ ነበር። ጭፍራውም ፄዋ ተባለ፤ በኋላ ምርኮኛ ያልነበረውም ሰው ሲገባበት ስሙ እንደ ጸና ቀረ። ይልቁንም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጨዋን ጭፍራ አብዝተው በየግዛቱ መደቡት።

ዛሬ መካነ ሰላምና ማሻ የሚገኙበት፥ ከዓባይ በላይ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በዚያን ጊዜ አማራ በሚባለው ግዛት ውስጥ ነበረ። ነገሥታቱም በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ሲኖሩ በዚህ ግዛት ብዙ ጊዜ ይሰፍሩ ነበር። ከዚያው ከሰፈራቸው የታዘዘው ጨዋ እንደ ደዋሮ፥ እንደ ባሊና እንደ ፈጠጋር ወዳሉት ዳር አገሮች ይሄድ ነበር። ደመወዙ በገንዘብ ሳይሆን በመሬት ነበረና በተመደበበት አገር ተከለ፥ አገባ፥ ወለደ። ጃን አሞራ የተባለው ጭፍራ ስሙ ዛሬም በሰሜን ተራሮች አጠገብ ባለው ወረዳ ይጠራል። የልጅ ልጆቹም ባላገርና ባለመሬት ሆነው፥ የአያቶቻቸው ምርኮኛነት ተረስቶ፥ «የጨዋ ልጅ» መባል ታላቅ ምስጋና ሆነላቸው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ይህ ነው፤ የምርኮኛ ስም የነበረው ቃል በኋላ ዘመን «ባሪያ ያልሆነ» ለማለት ዋለ። በዚህም ቃል ስንት ሰው ተገፋ! ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ በኋላ እንኳ፥ የባሪያ ልጅ፥ የቀጥቃጭ ልጅ፥ የሸክላ ሠሪ ልጅ እየተባለ፥ ምግባሩ የታረመ ጐልማሳ ከጋብቻ ሲመለስ ኖሯል። የመለሰው ሰው ግን የሚመካበት ስም ራሱ የምርኮኛ ስም መሆኑን አላወቀም።

ይህም በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። እንግሊዞች ለከበረው ፈረሰኛ የሚሰጡት ናይት የሚለው ማዕርግ በጥንት ቋንቋቸው ብላቴና፥ አሽከር ማለት ነበረ። ዛሬ ለስላሳና ደግ ለማለት የሚናገሩት ጀንትል የሚለው ቃል ደግሞ ከላቲን የመጣ ሲሆን፥ መጀመሪያ የአንድ ወገን፥ የአንድ ዘር ሰው ማለት ነበረ፤ ቈይቶ ለትልቅ ሰው ልጅ፥ ከዚያም ምግባሩ ለታረመ ሁሉ ተሰጠ። ቃል እንደ ሰው ይሾማል፥ ይሻራልም።

ከዚህ ለቤታችን የምንወስደው ትምህርት አለ። ጨዋነት በመጀመሪያ ከአጥንት ጋር የተወለደ ነገር አልነበረም፤ በአገልግሎትና በትጋት የተገኘ ነበር እንጂ። ስለዚህ አባት ለልጁ «አንተ የጨዋ ልጅ ነህና ከእገሌ ልጅ ጋር አትጫወት» ከሚለው ይልቅ፥ ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ሲል፥ የተበደረውን ሲመልስ፥ የቤቱን ሠራተኛ በእርጋታ ሲያነጋግር ባየው ጊዜ «ይህ የጨዋ ሥራ ነው» ቢለው ይሻላል። እናትም የሠራተኛዋ ልጅ እንዲሁ ሲያደርግ ብታይ ያንኑ ምስጋና አትንፈገው።

ሽማግሌ ተልኮ በመጣም ጊዜ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያገር ልማድ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድናን ለመቍጠርም ያስፈልጋል። ነገር ግን ጥያቄው በዚያ አይለቅ። «ሲቈጣ እንዴት ነው? ሲያገኝስ? ሲያጣስ?» ተብሎ ይመርመር። የጨዋ ልጅ የሚታወቀው በእነዚህ ነው።