«ቀዳዳው ከገጠመ ይበቃል» ስለሚባለው ነገር

ከአብነት ተነሥቶ ወደ ሶማሌ ተራ የሚሻገር ባለመኪና በጎማ ቤቶቹና በመለዋወጫ ሱቆቹ ደጃፍ ከሚሰማቸው ብይኖች ሁሉ ይልቅ እጅግ አጭሩና እጅግ ደፋሩ፣ «ቀዳዳው ከገጠመ ይበቃል» የሚለው ነው። ሻጩ ከመደርደሪያው ላይ በቸርኬና በሞዞ መካከል የሚገባ ክብ የአሉሚኒየም ስፔሰር ያወርዳል፤ ደንበኛው ካመጣው ቸርኬ ጀርባ ያስጠጋዋል፤ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፤ ብርሃኑም በአራቱ ቀዳዳ ወዲህ ከዘለቀ ነገሩ እንደ ተፈጸመ ተቈጥሮ ወደ ዋጋው ይታለፋል። በዚህ ብይን ምክንያት የተቈረጠ ቡሎንና በጉዞ ላይ ሳለ የላላ ጎማ ስላየሁ፣ ሌሎቹን ተረቶች በአጭሩ አልፌ በዚህ በአንዱ ላይ ጥቂት ልቈይበት አስቤአለሁ።

ብይኑ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ሰማያዊና ነጭ ላዳ የከተማውን ታክሲነት ይዞ በኖረበት ዘመን የአንዱ ላዳ ቸርኬ ለሌላው፣ የአንዱም ቡሎን ለሌላው ያለ ሐተታ ይሆን ነበርና፣ ጎሚስታው በዐይኑ መዝኖ የሰጠው ፍርድ እምብዛም አይስትም ነበር፤ በዚያች ጠባብ ዓለም ውስጥ ዕውቀቱ እውነተኛ ዕውቀት ነበር። ዛሬ ግን በዚያው ደጃፍ ቪትዝ፣ ሱዙኪ ዲዛየርና ሃይሉክስ፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህም ይልቁንም እንደ አይዲ 4 ያለው የኤሌክትሪክ ፎልክስዋገን ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሁሉም የየራሳቸው ልክ አላቸው።

ስፔሰርም በባሕርዩ ክፉ ነገር አይደለም። በቸርኬ ላይ «ኢቲ» ተብሎ ከቁጥር ጋር የሚቀረጸው ልክ፣ ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚጋጠምበት ፊት ከስፋቱ ማእከል ምን ያህል ወደ ውጭ እንደ ወጣ በሚሊ ሜትር የሚናገር ሲሆን፣ ኢቲ 35 የሚፈልግ መኪና ኢቲ 45 የሆነ ቸርኬ ቢያስሩለት ጎማው 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ከፍሬኑ ወይም ከሞላው ጋር ሊፋተግ ስለሚችል፣ ያንኑ 10 ሚሊ ሜትር የሚመልስ በሥርዓት የተሠራ ስፔሰር ተገቢ መድኃኒት ነው። ጀርመኖች በመኪና ነገር ጥብቅ ሆነው ሳለ እንኳ ስፔሰርን ፈጽመው አልከለከሉም፤ የምስክር ወረቀት ያለውና በመርማሪ ታይቶ የጸደቀ ይሁን አሉ እንጂ።

ስሕተቱ የሚጀምረው ጎማ በምን ኃይል እንደሚጸና ካለማወቅ ነው። ብዙ ሰው መኪናውን የተሸከሙት ቡሎኖቹ ይመስሉታል፤ ቡሎን ግን ሲጠብቅ ለዐይን በማይታይ መጠን ይሳባል፣ ተመልሶ ለማጠርም ሲታገል ቸርኬውን ከሞዞው ፊት ጋር ይጫነዋል፣ ጎማውንም በፍሬን ጊዜ፣ በጉድጓድና በመታጠፊያ ሁሉ አጽንቶ የሚይዘው በእነዚህ በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለው ፍትጊያ ነው። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሎን ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ በ103 ኒውተን ሜትር፣ ማለት ለቪትዝ በተወሰነው ልክ፣ ቢጠብቅ ከ4 ቶን በላይ በሚገመት ኃይል ይጨብጣል፤ የአራቱ ድምር ወደ 17 ቶን ይጠጋል። ይህ ኃይል ባልተስተካከለ ፊት፣ በዝገት ወይም በወፍራም ቀለም ምክንያት የቀነሰ እንደ ሆነ ጎማው በዞረ ቍጥር በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ ሸክሙም ወደ ቡሎኖቹ ያልፋል፤ እነርሱም ወዲህና ወዲያ እየታጠፉ ይደክማሉ። በአብነት አንድ ጎሚስታ ከጥጥ ላይ አንሥቶ ያሳየኝ የተቈረጠ ቡሎን ይህን ሁሉ በአፉ ላይ ጽፎት ነበር፦ የተቈረጠበት ፊት አብዛኛው ለስላሳና የጠቆረ፣ ቀጫጭን ቅስቶች በየተራ የተሰመሩበት፣ በአንዱ ጠርዝ ያለው ጥቂቱ ብቻ ደግሞ አዲስ፣ ሻካራና የሚያንጸባርቅ ነበር። ባለመኪናው «ድንገት ተቈረጠ» ቢልም፣ ቡሎኑ ብዙ ቀን ሲቈረጥ ሰንብቶ ያች ጥቂት ቀሪው ብቻ ናት ድንገት የሄደችው።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንመለስ። የላዳ አራት ቡሎን 98 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ፣ የቪትዝ ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ተደርድሯል። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ቀዳዳ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ዐይን አይለየውም፤ ቡሎኑም እየተገፋ ይገባል፤ ይሁን እንጂ ዘንበል ብሎ የገባ ቡሎን የማጥበቂያውን ኃይል ለመታጠፍ ይከፍለዋል እንጂ ለመጨበጥ አያውለውም። በአምስት ቡሎን ደግሞ የፎልክስዋገኑ 112፣ የብዙዎቹ ቶዮታዎች 114.3 ስለሆነ ያው ፈተና ይደገማል። ቀዳዳው በእውነት ቢገጥም እንኳ የመካከሉ ቀዳዳ ይቀራል፦ የቪትዝ ሞዞ አንገት 54.1፣ የአይዲ 4 ደግሞ 57.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ደኅና ስፔሰር ይህን አንገት ያለ ክፍተት የሚያቅፍ መካከልና በውጭ በኩል ቸርኬውን የሚቀበል የራሱ አንገት ሊኖረው ይገባል። ይህ የሌለው ስፔሰር ቸርኬውን ከማእከሉ ፈቀቅ አድርጎ ያስራል፤ መሪው በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ ባለመኪናው ጎማውን በከንቱ ባላንስ ሲያስደርግ ይከርማል።

ቡሎኑና ዳዶው ከዚህም የባሰ ስውር ነገር አለባቸው። ቪትዝና ሱዙኪ ዲዛየር አራት ቀዳዳቸው፣ 100 ሚሊ ሜትሩ፣ 54.1ም ሳይቀር አንድ ነው፤ ስለዚህ ቸርኬያቸው ወንድማማች ይመስላል። ነገር ግን የቪትዝ ቡሎን ጥርስ ከጥርስ ርቀቱ 1.5፣ የሱዙኪው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ዳዶ በሌላው ላይ አንድ ሁለት ዙር በጣት ይሄድና ይገታል፤ ያን ጊዜ በአየር ማጥበቂያ የሚያስገድደው ሰው ጥርሱን በጥርስ እየበላ ያስገባዋል፤ «እጅግ ጠበቀ» ይላል። ጥብቀቱ ግን የተበላሸ ጥርስ እንቢታ እንጂ የመጨበጥ ኃይል አይደለም። ስለዚህ ዳዶ ሁልጊዜ አስቀድሞ በጣት ይጠምዘዝ፤ ዙሩም ይቈጠር፤ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቪትዝ ቡሎን ቢያንስ 8 ዙር፣ የሱዙኪው ወደ 10 ዙር ሊይዝ ይገባል። በፎልክስዋገን ቡሎኑ ራሱ ተነቃይ ነውና 10 ሚሊ ሜትር ስፔሰር የገባበት እንደ ሆነ 10 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቡሎን ያስፈልጋል፤ ያጠረው ጥርስ አይዝም፤ የረዘመውም ከሞዞው ጀርባ ወጥቶ የፍሬን አካል ሊነካ ስለሚችል ከታሰረ በኋላ መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ ጎማውን በእጅ ማዞር ይገባል። መቀመጫውም ይለያያል፦ የፎልክስዋገን ቡሎን እንደ ኳስ የከበበ፣ የብዙዎቹ ሌሎች ሾጣጣ ነው። ሾጣጣውን በክቡ ያስቀመጠ ሰው በቀጭን ክር ላይ አስቀምጦታል። ዳዶውን ፈትቶ መቀመጫውን የሚመለከት ዐይን ነገሩን ያገኘዋል፤ ዙሪያውን እኩል ከመወልወል ይልቅ በአንድ ወገን ብቻ እንደ ግማሽ ጨረቃ ካበራ፣ ወይም በዙሪያው ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ፣ መጋጠሙ ሐሰት ነበር።

ይህን ሁሉ ሻጩ አያውቅም ማለት አይቻልም። ካሊፐር በመሳቢያው አለ፤ ሌላ ዕቃ ሲለካም ያወጣዋል። ለስፔሰር ግን «እኔ እኮ ስንት ሸጫለሁ፣ አንድም ሰው ተመልሶ አልመጣም» ይላል፤ ጎማው የወለቀበት ሰው ወደ ሻጩ ሳይሆን ወደ ጋራዥ እንደሚሄድ ግን አያነሣውም። እኔ በዚህ አነጋገር ትዕግሥቴ ያልቃል።

ስለ ሌሎቹ ተረቶች በአጭሩ። በቁልፉ ጫፍ ቱቦ ሰክቶ መርገጥ ያጸናል የሚሉ አሉ፤ ከልክ በላይ የተሳበ ቡሎን ወደ ነበረበት አይመለስምና መጨበጡን ያጣል፤ ልኩን የሚነግር ቶርክ ሬንች ያለው ጎማ ቤት መፈለግ ይሻላል። በጥርሱ ላይ ግራሶ መቀባት ከዝገት ያድናል ይባላል፤ የተቀባ ጥርስ በዚያው ማጥበቂያ ልክ ከመጠን በላይ ስለሚሳብ አምራቹ ካላዘዘ ደረቅ ይሁን። «ቶርኖ ቤት ያወጣው ስፔሰር ሁሉ ብላሽ ነው» የሚሉትም ያጋንናሉ፤ የቶርኖ ሠራተኛው ልኩን ሊጠብቅ ይችላል፤ ጥያቄው ብረቱ ነው፤ ከተሰባበረ ዕቃ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም 6061 ተብሎ እንደሚታወቀው ለጭነት የሚመረጥ አሉሚኒየም አይደለም። ስፔሰር መኪናን ያረጋጋል የሚለው ጥቂት እውነት አለው፤ ሰፍቶ የቆመ መኪና ባነሰ መጠን ያጋድላል፤ ዋጋውን ግን ኩሽኔታው ይከፍላል፤ ዕድሜውን ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ያሳጥረዋል ብሎ የሚወስን ሰው ግን ይገምታል። ሁለት ስፔሰር መደራረብ ግን ክርክር የለበትም፤ አይደረግም። በቀድሞዎቹ አይሱዙ የጭነት መኪኖች በግራው ወገን ያለው ዳዶ ወደ ግራ የሚጠብቅ ስለሆነ፣ «ቡሎን ሁሉ ወደ ቀኝ ይጠብቃል» ያለው ረዳት ሊፈታ ሲታገል ይቈርጠዋል።

የራሱ ቡሎን የተተከለበት፣ ከ20 ሚሊ ሜትር ገደማ ጀምሮ የሚሠራው ወፍራም ስፔሰር የመጣለት ሰው ደግሞ ይህን ይመርምር፦ የመኪናው የራሱ ቡሎን ጫፍ ከስፔሰሩ ፊት እንዳይወጣ፣ ቢወጣም ቸርኬው ከጀርባው ጐድጓዳ ስፍራ እንዲኖረው፣ በቡሎኑ ራስ ላይም እንደ 10.9 ያለ የጥንካሬ ቁጥር እንዲኖር። ከታሰረ በኋላ ዳዶዎቹ በመስቀል ቅርጽ በየተራ ይጥበቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደም በኋላ መኪናው ቆሞ ሳለ በዚያው ቶርክ ሬንች ዳግመኛ ይፈተሹ።