ባለቤትና መጤ፦ የምዕራብ ጎጃም ገበሬና የማዶው መሬት

በ2005 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካማሺ ዞን በሺዎች የሚቆጠሩ አማሮች ከነልጆቻቸው ተባረሩ። በጭነት መኪና ተጭነው ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ያረፉት ፍኖተ ሰላም ነበር። ሲባረሩ የተነገራቸው ምክንያት አጭር ነው፤ መጤ ናችሁ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መንግሥት ስሕተት መሆኑን አመነ፤ ይመለሱ ተባለ፤ ከአካባቢው ሹማምንት የተጠየቁም ነበሩ። ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በዚያው ክልል በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ፣ ከመቶ የሚበልጥ ሰው ሌሊት ቤቱ ውስጥ እንዳለ ተገደለ። ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማሮች አለቁ። ከምሥራቅ ወለጋ፣ ከኪረሙና ከጊዳ አያና፣ ነፍሱን ይዞ የሸሸው ደግሞ አባይን ተሻግሮ ቡሬ ገባ።

ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ኢሕአዴግ ገባ፣ አገሩን በብሔር ከለለ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተናከሰ። ሐሰት አይደለም፤ ግን ከመሐል የተጀመረ ታሪክ ነው። «ይህ መሬት የማን ነው? አንተስ እዚህ ምን አደረሰህ?» የሚለውን ጥያቄ ጎጃም ራሱ አሳምሮ ያውቀዋል። ለዘመናት ሲጠይቀው ኖሯል።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አላን ሆበን በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል። ርስት የሚገኘው በትውልድ ነው። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በአባትም ሆነ በእናት እወለዳለሁ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ድርሻ ይጠይቃል፤ ካልሰጡት ይሟገታል። ለዚህም ነው የጎጃም ሽማግሌ የትውልድ ሐረጉን እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣው የነበረው። ሥርዓቱ በአንድ በኩል ለጋስ ነበር፤ ደኻም ቢሆን አባት መቁጠር ከቻለ ደጅ አይዘጋበትም። መቁጠር ላልቻለ ግን ክርችም ያለ ነው።

መቁጠር የማይችለው ማን ነበር? ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የባርያ ልጅ። ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ አይሳልም፣ ማጭድ አይሠራም፤ ሰኔ ሲገባ ባለርስቱ ሁሉ ደጁ ላይ ይሰለፋል፤ ዋጋውም አዝመራ ሲገባ በእህል ይሰፈርለታል። ቤቱ ግን ከመንደሩ ዳር፣ ሰው በፈቀደለት ቁራሽ ላይ ነው። በአንድ ዋንጫ አይጠጣም። ልጅ ሲታመም ቡዳ ተብሎ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ደግሞ ዘመድነት ብቻ አልነበረም የሚጣራው፤ አጥንቱም ነው። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

የነገደ ወይጦን ታሪክ ከዚሁ ጋር ማየት ይገባል። ጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ወፍጮ የሚጠርቡ፣ ቀድሞ ጉማሬ የሚያድኑ ሰዎች ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም እስላሙም ከማዕዳቸው ርቋል። ባሕር ዳር ስትሰፋ የሐይቁ ዳርቻ ዋጋ አወጣ፤ እነሱም በኖሩበት ዳርቻ እየተገፉ ሄዱ። በሐይቁ ዙሪያ ከእነሱ ቀድሞ የሰፈረ ሕዝብ መኖሩ ያጠራጥራል፤ «ነባር ነኝ» የሚለው ክርክር ግን ለእነሱ ሲሠራ አልታየም። ነባርነት የሚጠቅመው ጉልበት ላለው ነው።

የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ርስትን ሻረ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ማረስ የሚፈልግ ሁሉ፣ ባለእጁም ጭምር፣ ድርሻ የማግኘት መብት በሕግ አገኘ። ከዚያ በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መሬት እንደገና አከፋፈለ። በዚያ ድልድል በደርግ ጊዜ በቀበሌ አመራር የነበሩት «ቢሮክራት»፣ የድሮ ባላባት ወገኖች ደግሞ «ቅሪት ፊውዳል» ተብለው ከአንድ ሄክታር እንዳያልፉ ተደረገ። አንድ ሄክታር በጎጃም አቆጣጠር አራት ቃዳ ነው። ቁጣው ከባድ ነበር፤ አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ። ለዛሬው ጉዳይ ዋናው ግን ከዚያ በኋላ ያን ያህል ሰፊ ድልድል አለመደረጉ ነው። የባልና የሚስት ፎቶ የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር መጣ፤ መሬቱ በያዘው ሰው እጅ ረጋ። በ1989 የእናቱ ጀርባ ላይ የነበረው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ወላጆቹ ያላቸው አራት ቃዳ ለስድስት ወንድማማች ይካፈላል? የሰው መሬት በእኩል ያርሳል፣ ከተማ ገብቶ ይሸከማል፣ አለዚያ በረሃ ይወርዳል።

በረሃ ሲባል መተከልና የአባይ ሸለቆ ማዶ ማለት ነው። መተከል ቀድሞ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ስለነበረ ለጎጃሜው ወደዚያ መውረድ ስደት አልነበረም። ለጉሙዙ ግን ከደጋ የሚመጣ ሰው ታሪክ ነበረው። ባሶና ቡሬን የመሳሰሉ የጎጃም ገበያዎች በወርቅ፣ በቡናና በባርያ የሚደምቁበት ዘመን ነበር፤ ከሚሸጠው ሰው ጥቂት የማይባለው ከጉሙዝ መንደር በዘመቻ የተጋዘ ነው። የታሪክ ተመራማሪው አብዱስሰመድ አህመድ በቤንሻንጉልና በጉሙዝ ምድር ይካሄድ የነበረው የባርያ ንግድ እስከ እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ መዝለቁን አሳይቷል። ባርነትን የሻረው የመጨረሻው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። የጉሙዝ ሽማግሌ አያቱ ከማን ሲሸሽ ወደ ቆላው እንደዘለቀ ያውቃል። ዛሬም መተከል ውስጥ ደገኛው «ቀይ»፣ ጉሙዙ «ጥቁር» ይባላል፤ እኛ ዘረኝነት የነጮች በሽታ ነው ማለት ስለምንወድ ይህን ጮክ ብለን አናወራውም።

በዚያ ላይ አስተራረሱ ይለያያል። ጉሙዙ አንዱን ማሳ ጥቂት ዓመት አርሶ ያሳርፈውና ወደ ሌላው ይሄዳል። ያረፈው መሬት ለባለቤቱ ባንክ ነው፤ ጥንድ በሬ ይዞ ለወረደው ደገኛ ግን ጠፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህን የሚያስማማ መላ ነበር። ደገኛው ከአንድ ጉሙዝ ጋር ወዳጅ ይሆናል፤ በሬውንና ጉልበቱን አምጥቶ መሬቱን በእኩል ያርሳል፤ ደም ከፈሰሰም ማንጊማ በሚባለው የጉሙዝ የዕርቅ ሥርዓት ይታረቃል። ጥቂት ሰው በየዓመቱ ሲመጣ ይህ ይሠራል። ከ1977 በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ ወደ 80 ሺህ ሰው በጣና በለስ ፕሮጀክት ፓዌ ላይ ሲያሰፍር ግን ጉሙዙን የጠየቀው አልነበረም። ወዳጅነት ከአንድ ቤተሰብ ጋር እንጂ ከ80 ሺህ ሰው ጋር አይገባም። ቀጥሎ ባለሀብቱ ሊዝ ይዞ መጣ።

ከዚያ ሕገ መንግሥቱ። አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል መኖር ይችላል ይላል። አንቀጽ 40 አርሶ አደር መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው ይላል፤ እዚያው ላይ መሬት የመንግሥትና የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው ይላል። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት ደግሞ የክልሉ ባለቤት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ መሆናቸውን ዘርዝሮ ሌላውን «ነዋሪ» አደረገው። በተግባር ገበሬውን የሚያገኘው አንቀጽ 32 ሳይሆን የቀበሌ ሊቀመንበሩ ነው፤ ሊቀመንበሩም መታወቂያው ላይ «ብሔር» የሚለውን መስመር ያነባል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጥቁሮችን ሰፈር በቀይ ቀለም እየለዩ የቤት ብድር የሚነፍጉበት ካርታ ነበራቸው፤ የቤት መድልዎን በሕግ የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የእኛ ካርታ ሕገ መንግሥት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። የክልሎቹ ሕግ ርስትን ከመንደር አውጥቶ ወደ ክልል አሳደገው። ደጋ ዳሞት ላይ «አባትህ ማን ነው?» ይባል የነበረው ካማሺ ላይ «ብሔርህ ምንድን ነው?» ሆነ። ቀጥቃጩን መንደር ዳር ያስቀመጠው አስተሳሰብና ጎጃሜውን መኪና ላይ የጫነው አስተሳሰብ አንድ ናቸው፤ የተለወጠው በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው። ይህን ማለት ግድያውን ማቅለል አይደለም። በበኩጂም በቶሌም የሞተ ሕፃን የማንም አያት ዕዳ የለበትም። ሆኖም ለተፈናቀለው ጎጃሜ የሚያለቅስ ሰው በገዛ ቀበሌው ያለችውን የሸክላ ሠሪ ልጅ ለጋብቻ «አጥንቷ አይሆንም» ሲል፣ ክርክሩን አስቀድሞ ለባላጋራው አስረክቦታል።

አሁን ያለው ችግር ከሁለቱም በኩል ይቆልፋል። ከማዶ የተባረረው ገበሬ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ማሳው በሌላ ሰው ተይዞ፣ ከብቱ ተነድቶ ነው የመጣው፤ ልመለስ ቢል የሚጠብቀው የለም። ልቆይ ቢል፣ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ጎጃም ራሱ ጦርነት ውስጥ ገብቷል፤ ፍኖተ ሰላምም በዚያው ወር በአየር ተመትታለች። ሰላም ወርዶ እንኳ ቀበሌውን መሬት ስጠኝ ቢለው፣ ቀበሌው እጁ ላይ የቀረው ያልተከፋፈለ መሬት የወል ግጦሽ ነው። ግጦሹ ሲነካ ደግሞ ከብቱን የሚያሰማራው ነባር ገበሬ ይነሣል፤ የሚያነሣውም ክርክር ካማሺ ላይ ከተሰማው ብዙ አይርቅም።