ለዓመታት የተቀመጠው አምፕሊፋየር ሲጮኽ
ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት ድምፁን ያዳምጡ

ወሎ የአምባሰልና የባቲ አገር ነው። በደርግ ዘመን ደሴ ላይ ስሙ የገነነው የላሊበላ ኪነትም እንደ ማሪቱ ለገሰ ያሉ ድምፃውያንን ለመድረክ አብቅቷል። የሙዚቃ ፍቅር በሥር በሰደደበት እንዲህ ባለ አካባቢ፣ ጓዳ ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ የጊታር አምፕሊፋየር ማግኘት ብርቅ አይደለም። አንድ ቀን ጊታር መማር የጀመረ ልጅ ያወጣውና ይሰካዋል፤ ዕቃው ይንጫጫል፣ ያጉረመርማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ «ሞቷል» ብሎ ይፈርድበታል።

ጩኸት ግን ሞት ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የት እንዳለ የሚጠቁም ምልክት ነው። ምልክቱን ማንበብ ከቻሉ የትኛውን በራስዎ እንደሚሞክሩ፣ የትኛውን ለባለሙያ እንደሚተዉ ያውቃሉ።

ከመሰካትዎ በፊት

መጀመሪያ ከጀርባው የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ 110 ወይም 120 ቮልት ሊል ይችላል። የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ከሰኩት ይቃጠላል። ገመዱን አይጥ በልቶት እንደሆነ፣ ስፒናው ተሰብሮ እንደሆነ፣ የስፒከሩ ወረቀት ተቀዶ እንደሆነ ይመልከቱ። በጀርባው በኩል አምፖል የሚመስሉ መስታወቶች ካሉት የቫልቭ አምፕሊፋየር ነው፤ እንዲህ ያለውን ስፒከሩ ሳይገናኝ በጭራሽ አያብሩት። ብዙ ዓመት የተቀመጠ የቫልቭ አምፕ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ሳያበሩት ለባለሙያ ቢያሳዩት ይመረጣል።

ድምፁ ምን ይላል?

ማዞሪያውን ሲነኩ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ፦ ውስጡ አቧራና ዝገት ይዟል። ዕቃውን ከሶኬት ነቅለው እያንዳንዱን ማዞሪያ ከዳር እስከ ዳር ሃያና ሠላሳ ጊዜ ያዙሩ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ለውጥ ያመጣል። ካልበቃ፣ ለኤሌክትሮኒክስ ተብሎ የሚሸጠውን የማጽጃ ስፕሬይ ባለሙያ ይርጭበት። የበር ማጠፊያ ማለስለሻ ዘይት ግን አይሆንም፤ አቧራ ይሰበስባል።

ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ፦ በመጀመሪያ ኬብሉን በሌላ ይቀይሩ። ቀጥሎ ጃኩን ደጋግመው ሰክተው ይንቀሉ፤ የዛገው መገናኛ በመፋተጉ ሊጸዳ ይችላል።

ያለማቋረጥ «ምምም» የሚል ከሆነ፦ የጊታሩን ኬብል ነቅለው ቮሊውሙን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ከጊታሩ፣ ከኬብሉ ወይም ከአካባቢው ነው፤ አምፑን ከፍሪጅ፣ ከስልክ ቻርጀርና ከኢኮኖሚ አምፖል ያርቁት። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ወይም በኢንቨርተር እየተጠቀሙ ከሆነም መስመሩ ሲመጣ እንደገና ይሞክሩት። ቮሊውሙ ዜሮ ሆኖም ጉርምርምታው ካልጠፋ፣ ኃይሉን የሚያጣሩት ካፓሲተሮች ሳይደርቁ አልቀሩም። ይህ ዓመታት ሳይሠራ የተቀመጠ ዕቃ ዋነኛ በሽታ ነው።

የሲሪንቃው አምፕ

ሲሪንቃ ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏ የምትታወቅ ከተማ ናት። እዚያ ካለው የአጎቴ ጓዳ የወጣው አምፕ ከአሥር ዓመት በላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ የበጋ አቧራና የክረምት እርጥበት ተፈራርቀውበት ነበር። ልጁ ክራሯን ልትሰካበት ብትፈልግም፣ አክስቴ «ይሄ ጓዳዬን ከማጣበብ ሌላ ምን ይሠራል?» ብላ ልትሸጠው ቆርጣ ነበር።

ኬብሉን ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ማዞሪያዎቹን ደጋግመን ስናዞር መንጫጫቱ ቀነሰ። ጉርምርምታው ግን ቮሊውሙ ዜሮ ሆኖም አልጠፋም። ስለዚህ ሳንከፍተው ወልዲያ ላለ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ወሰድነው። እሱም በቀጥታ አልሰካውም፤ በመሀል አንድ ትልቅ የመብራት አምፖል አገናኝቶ አበራው። አምፖሉ ደምቆ ቢቀር ኖሮ ውስጡ ሾርት አለ ማለት ነበር። ደብዘዝ ሲል ከፍቶ ሁለት ያበጡ ካፓሲተሮችን አሳየንና ቀየራቸው። ማዞሪያዎቹንም በስፕሬይ አጸዳቸው። ክራሩ ሲሰካ የተሰማው የክራሩ ድምፅ ብቻ ነበር። አምፑም ከጓዳ ወደ ሳሎን ተዛወረ።

በእጅ የማይነካው

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በተለይ የቫልቭ አምፕሊፋየር ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ኃይሉን ይዘው ይቆያሉ። «ነቅዬዋለሁ» ማለት ከሞት አያድንም። ሽፋኑን በመፍቻ አይክፈቱ፤ ልጆችም እንዳይከፍቱ ይንገሩ። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብለው የስፒናውን ግራውንድ የሚቆርጡም አሉ። ይህ ጩኸቱን ቢቀንስ እንኳ የሰውን ሕይወት የሚጠብቀውን መስመር መቁረጥ ነው። ጊታሩን ወይም ማይኩን ሲነኩ የሚነዝር ከሆነ ወዲያው አጥፍተው ይንቀሉት። የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ ጭስ ከታየ ወይም ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለም እንዲሁ። ከፍ ያለ ፊውዝ ማስገባት መፍትሔ ሳይሆን እሳት መጥራት ነው።

እንዳይመለስበት

ጠጋኙን ከማሠራትዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ፤ የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎችም ይረከቡ። ከዚያ በኋላ አምፑን ከወለል ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። በላስቲክ አይጠቅልሉት፤ እርጥበት ያምቃል፤ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ይበቃዋል። በየሁለትና ሦስት ወሩ ለግማሽ ሰዓት ያብሩት፤ ካፓሲተሮቹ ኃይል ሲያገኙ ዕድሜያቸው ይረዝማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በየሳምንቱ የሚሰካበት ልጅ ቤት ውስጥ መኖሩ ነው።