ቦሎ ለመስታወት ወይስ ለፍሬን?

የቦሎ ማደሻ ጊዜ ሲደርስ መኪና ያለው ሁሉ እርስ በርሱ አንድ ጥያቄ ይጠያየቃል። «የሚጨርስልኝ ሰው ታውቃለህ?» የምንፈልገው ወረፋውን የሚይዝልን፣ መርማሪዎቹን የሚያውቅ፣ ማታ ቦሎዋን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቁልፉን የሚያስረክበን ሰው ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ሕግ መማሬ ከዚህ አላዳነኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን የወትሮው ሰውዬ ሳይመቸው ቀረና ኮሮላዬን ይዤ ራሴ ሄድኩ። የፊት ጎማዎቹ ደህና አለፉ። የኋላዎቹ ተራ ሲደርስ በማሽኑ ላይ የቀኙ ቁጥር ሽቅብ ሲወጣ የግራው እታች ቀረ። መካኒኬ ጎማውን አውልቆ ሲያየው የፍሬን ዘይት አፍስሶ ሸራውን አርሶታል። «ይሄ የዛሬ አይደለም ጋሼ፣ ቆይቷል» አለኝ። ባለፈው ዓመት «ብቁ ናት» ተብሎ ቦሎ የተለጠፈባት፣ ልጄን ጭኜ የእንጦጦን ቁልቁለት የምወርድባት መኪና ነች።

ለመሆኑ እዚያ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ወረቀት ይታያል። ሊብሬና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልጋሉ፤ የትራፊክ ቅጣት ያለበትም ቀድሞ ቢጨርስ ይሻለዋል። ቀጥሎ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ሞተር ቀይሮ ወይም ቀለም አስለውጦ ያላስመዘገበ ሰው ገና ፍሬኑ ሳይደረስበት እዚሁ ይቆማል።

ዋናው ነገር የፍሬኑ ማሽን ነው። ጎማዎቹ በሚሽከረከሩ ሁለት ብረቶች ላይ ያርፋሉ። ብረቶቹ ጎማውን ሲያዞሩት ፍሬኑ ቀስ በቀስ ይረገጣል፤ ማሽኑም የእያንዳንዱን ጎማ የመያዝ ኃይል ለየብቻ ይለካል። የሁሉም ድምር ከመኪናው ክብደት ጋር ይነጻጸራል። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ግን በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንዱ ጎን ቀድሞ ሲይዝ መኪናው ወደዚያው ይሳባል። በዝግታ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ስንነዳ እግራችን ይህን አይነግረንም። የሐምሌ ዝናብ ባራሰው መንገድ ላይ፣ ሕፃን ልጅ ድንገት ሲገባብን ስንረግጠው ነው የሚነግረን። የእጅ ፍሬንም በዚሁ ማሽን ይፈተሻል።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። የፊት መብራት አቅጣጫና ድምቀት፣ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የጎማ ጥርስ፣ ከሥር ደግሞ የመሪ ማያያዣዎችና የዘይት ፍሳሽ ይታያሉ። ጭስም ይለካል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ወዳጆቼ፣ ለእናንተ የሚቀርላችሁ ይኸው የጭሱ ብቻ ነው። ፍሬንና ጎማ እናንተም ጋ አለ።

በምርመራ ሰሞን ጎማ የሚዋዋስ ሰው አታውቁም? እኔ አውቃለሁ። ጠዋት የጎረቤቱን ጎማ አስሮ ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላ ልሙጡን መልሶ ያስርና ወደ አዳማ ይሄዳል። ማንን እንዳታለለ ግን እንጃ።

እዚህ ላይ ሕጉን ላንሳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ጥፋት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም ብሎ አይጠይቅም። «ቦሎ አለኝ» ማለት መከላከያ አይሆንም ማለት ነው። ምርመራን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ቢሆንም በዚያ መሠረት የሚሰጠው ወረቀት የሚናገረው መኪናው በተመረመረበት ቀን ስለነበረበት ሁኔታ ብቻ ነው። ሳይመረመር ከተሰጠ ደግሞ ስለዚያች ቀንም አይናገርም። ሳያይ ያሳለፈ መርማሪ የራሱ ተጠያቂነት አለው፤ ይሁንና ተጎጂው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው። የወንጀሉም ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲቀጣ፣ ግልጽ ደንብ ተጥሶ ከሆነ ቅጣቱን ያከብዳል።

ስለዚህ ከምርመራው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጋራዥ ጎራ በሉ፤ አራቱም ጎማዎች ወልቀው ሸራው ይታይ። መብራቶቹን ማታ ግድግዳ ላይ አብርታችሁ እዩ። ምርመራው ቦታ ላይ ደግሞ ማሽኑ አጠገብ ቁሙና የግራና የቀኙን ቁጥር ጠይቁ። ወደቀች ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ የወደቀችበትን ምክንያት በጽሑፍ ተቀብላችሁ ለመካኒኩ ስጡት። ያኔ የእኔን መኪና ያዳናት ያቺ የግራ ቁጥር ናት።

ዘንድሮ ሰውዬው ደውሎልኝ ነበር። «ወረፋው አይቻልም፣ ለእኔ ተወው ጋሼ» አለኝ። ስለ ወረፋው እውነቱን ነው፤ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ሰዓት ቆሜአለሁ።